የዘማች ማስረጃ በወሎ፦ ሜዳይ፣ የአገልግሎት ዘመንና የማኅደር እርማት

በወሎ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ሁለት ዓይነት ማስረጃ አለው። አንዱ የአገሩ ሰው የያዘለት ነው፤ ከማን ጋር እንደ ወጣ፣ የት እንደ ቆሰለ፣ ማን ደግፎ እንዳመጣው መንደሩ ያውቃል። ሌላው መሥሪያ ቤት የያዘለት ነው፤ የግል ማኅደር፣ መለያ ቁጥር፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ ተሸልሞ ከሆነም የሜዳዩ ምስክር ወረቀት። ሜዳይ ይገባኛል፣ የአገልግሎት ዘመኔ ጎደለ፣ ስሜ ተሳሳተ የሚለው ክርክር የሚነሣው ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። መንግሥት የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። በወሎ ግን ይኸው ሁለተኛው ማስረጃ ደጋግሞ ጠፍቷል፤ የጠፋውም በባለቤቱ ግዴለሽነት ሳይሆን ጦርነቱ ራሱ በላዩ ስላለፈ ነው።

አገሩ ከጥንትም የጦር መንገድ ነው። በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ውሉ የተፈረመው ውጫሌ ላይ ነው። ውሉ አጣልቶ ጦር በመጣ ጊዜም የ1888ቱ ክተት መሰብሰቢያ ወረይሉ ነበር፤ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ከዚያ ተነሥቶ ዓድዋ ላይ ተዋግቷል። በ1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ፤ ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ሕክምና ጣቢያም አልተረፈም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተሸነፈው ጦር የተመለሰው በአሸንጌና በኮረም በኩል፣ ከላይ ቦንብና መርዝ ጋዝ እየወረደበት ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ደሴን ከጣልያን አስለቀቁ። ከዚያ 1983 መጣ፣ ከዚያ 2014። ጦር ባለፈ ቁጥር ቤትም ቢሮም አብሮ ይቃጠላል፣ ሣጥንም ይዘረፋል።

በድሮው ሥርዓት ጀግንነት በወረቀት አይመዘገብም ነበር። ዘማቹ ግዳዩን አለቃው ፊት ጥሎ ይፎክራል፤ "ዘራፍ" ብሎ የዋለበትን ቦታ፣ የማረከውን መሣሪያ፣ አብሮት የነበረውን ሰው በስም ይጠራል። ስም መጥራቱ ለማሳመሪያ ብቻ የሚደረግ አልነበረም። የተጠራው ሰው እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ ሐሰት ከሆነ ዝም ብሎ አያሳልፍም። በአንድ ግዳይ ሁለት ሰው ሲጣላ ማን ቀድሞ መታ የሚለው በእማኝ ይለያል። ሽልማቱም ለምድ፣ ጎፈር፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ከፍ ሲል ማዕረግና ርስተ ጉልት ነው። የወሎ ሽማግሌ ዛሬም ስለ ዘመቻ ሲመሰክር ቦታውን፣ አለቃውንና አብሮ የነበረውን ሰው አስቀድሞ ነው የሚናገረው። በኔ ግምት ይህ አመሰካከር "የአካባቢያችን ነዋሪ መሆኑ ይታወቃል" ከሚለው የቀበሌ ደብዳቤ እጅግ የጠነከረ ነው።

ወረቀት የገባው በተለይ ከ1933 በኋላ ነው። ለአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የአርበኝነት ሜዳይ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋርም ሆነ በሌላ መንገድ አገር ጥሎ ለተሰደደው የስደተኝነት ሜዳይ ተሠራ። በአርበኝነት ሜዳዩ ሪባን ላይ የዘንባባ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ትሰካለች። አንድ ዘንባባ የአንድ ዓመት ተጋድሎ ማለት ናት፤ ትልቁ ባለ 5 ዘንባባ ነው። ጥፍር የምታህል ይህች ብረት የስንቱን ቤተ ዘመድ ክርክር አስነሥታለች። አምስቱንም ዓመት ዱር ያደረ ሰው ጥያቄ የለውም። ማይጨው ዘምቶ፣ ተመልሶ አንድ ክረምት ቤቱ ተቀምጦ፣ ከዚያ የሸፈተስ? ሲከበብ ለጣልያን ገብቶ መሣሪያውን ካስረከበ በኋላ በዓመቱ ጠብመንጃ ነጥቆ ዱር የተመለሰስ? ዘንባባው ይቆረጥበታል ወይስ የገባበት ወራት ብቻ ይቀነሳል? በመንደር ሚዛን ተመልሶ መውጣቱ ያነሣዋል፤ ጠላት ያለው ሰው ግን መግባቱን ብቻ ይዞ ባንዳ ይለዋል።

ከሁሉ የከበደው የውስጥ አርበኛው ጉዳይ ነው። ደሴ ከተማ ውስጥ በጣልያን ቢሮ ወይም ሱቅ እየሠራ ወሬ ያቀበለ፣ ጥይት የሸጠ መስሎ ያሻገረ፣ ቁስለኛ የሸሸገ ሰው ሥራው ምስጢር ስለ ነበር የሚያውቅለት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከዚህም ባሰ ተበድለዋል። ስንቅ ያመላለሰች፣ የባሏን ጠብመንጃ አንሥታ የተኮሰች ሴት የአለቃ ደብዳቤ የሚጽፍላት እምብዛም አልነበረም፤ በባሏ ሜዳይ ሥር ተጠቃላ ቀርታለች።

የአለቃ ደብዳቤ ያልኩት ዋናው ቁልፍ እሱ ስለ ነበር ነው። የጦር አለቃው "በእኔ ሥር ተሰልፎ ከዚህ እስከዚህ ዘመን ተዋግቷል" ብሎ በማኅተሙ ካረጋገጠ ነገሩ ያልቃል። አለቃው ከሞተስ? በላስታና በዋግ ጣልያንን የተዋጉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ፤ ጠላት ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ አሳየ። ከእሳቸው ጋር የነበረ ገበሬ ነጻነት ሲመጣ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለቃ የለውም። ታማኝ ሆኖ ቀድሞ የወደቀ አለቃ የነበረው ሰው በማስረጃ በኩል በሕይወት ከተረፈ ተራ አለቃ ተከታይ ያንሳል ማለት ነው፤ ይህ ከፍተኛ በደል ነው። ጉዳዩ የክብር ብቻም አልነበረም፤ ዙፋኑ ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወደቁት ቤተሰብ መሬት በጋሻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ አንድ ጋሻም ወደ 40 ሄክታር ስለሚሆን፣ ዘንባባው እስከ እርሻ ድረስ የሚደርስ ነገር ነበረው።

ኮርያ የዘመቱት በዚህ በኩል ይሻላሉ። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ እያንዳንዱ ሰው በስም ተቆጥሮ ነው፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለ ተሰለፈ በዚያም ወገን መዝገብ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ሜዳይ ሰጥቷል። ኮንጎ የሄደው ጠቅል ብርጌድም እንዲሁ ነው። ከሁለቱ ዘማቾች ወገን የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው የወራሽ ነው።

ዋናው ክምር ያለው በደርግ ዘመን ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ሲቃረብ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ገበሬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ሚሊሺያ ሆኖ ወጣ፤ የወሎ ገበሬም በገፍ ነበረበት። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት በየዙሩ ይወስድ ጀመር። ኮታ ሲጎድል አፈሳ ነበር፤ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከመንገድ። የዛሬው የማኅደር ስሕተት አብዛኛው የተወለደው በዚያ ጥድፊያ ነው።

አንድ ማኅደር ከፍተን እንይ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታሪክ የተደራረበበት ዓይነት ነው። ልጁ ቤቱ መሐመድ ይባላል፤ የእናቱ ወገኖች ክርስቲያን ስለ ሆኑ አያቱ ተፈራ ይሉታል። በወሎ ይህ ብርቅ አይደለም። መዝጋቢው አሥር አለቃ ተፈራ ብሎ ጻፈው። የአባቱን ስም ሲጠየቅ አሳዳጊ አጎቱን ጠራ። ዕድሜው 16 ነው፤ ቀበሌው 18 ብሎ ላከው። ሆስፒታል ሲገባ ነርሷ መሐመድ ብላ መዘገበችው። ስለዚህ የቆሰለው መሐመድ ነው፤ ደመወዝ የተከፈለው ተፈራ ነው፤ ጀብዱ ፈጽሟል ተብሎ ለሜዳይ የተጠቆመውም ተፈራ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ነጩን ፀጉሩን ይዞ ሲቀርብ የቁስል ወረቀቱ የሌላ ሰው ተብሎ ይመለስበታል። ከዚህ የባሰውም አለ፦ ታላቅ ወንድሙ ሚስትና ልጅ ስላለው በእሱ ስም የዘመተ ታናሽ። ወንድምየው ዛሬ በሕይወት ካለ በራሱ ስም መታወቂያ አለውና፣ የዘማቹ አገልግሎት ባልዘመተ ሰው ስም ታስሮ ይቀራል።

የስም እርማት መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ባለጉዳዩ ሁለቱም ስሞች የእሱ መሆናቸው እንዲረጋገጥለት አመልክቶ ምስክር ያሰማል፤ ፍርዱን ይዞ ወደ መከላከያ የሰው ኃይል ይሄዳል። የዕድሜ ነገር ግን ጠንካራ ነው። በጡረታ ሕጉ የሚያዘው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው የልደት ዘመን ነው፤ ኋላ የተገኘ የክርስትና ወይም የሆስፒታል ወረቀት አይለውጠውም። ሕጉ ዕድሜውን እያስተካከለ የሚመጣውን ለመከልከል ታስቦ የወጣ ነው፤ ይገባኛል። ዕድሜውን ራሱ ያልተናገረ፣ ሌላ ሰው በግምት የሞላበት የአፈሳ ልጅ ግን ከዚያ ወገን አይደለም፤ ለብቻው መታየት ነበረበት።

በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ማኅደሩም ተበተነ። ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት በማቋቋሚያ ኮሚሽን በኩል ተመዝግበው ወደ ሰላማዊ ኑሮ ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ጦላይን በመሳሰሉ ሰፈሮች የቆዩ ናቸው። ለወሎው ሰው ያ የምዝገባ ካርድ ዛሬ ከወርቅ ይበልጣል፤ ክፍሉን፣ ማዕረጉንና የተቀጠረበትን ዘመን ይዟልና። ሰፈር ሳይገባ በእግሩ አቆራርጦ ቤቱ የገባው ግን ካርዱም የለው። ዩኒፎርሙን ቀብሮ፣ መታወቂያውን ቀዶ የመጣ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ መታወቂያው አደጋ እንጂ ማስረጃ አልነበረም። እንዲህ ላለው ሰው ትልቁ እርዳታ የሚገኘው ካልታሰበበት ቦታ ነው። የሚሊሺያ ቤተሰብ መሬት በማኅበሩ አባላት እንዲታረስ ይደረግ ስለ ነበር፣ የገበሬ ማኅበሩ የድሮ ደብተር ከተረፈ "ዘማች" ተብሎ የተጻፈበት ስም ይገኝበታል።

አንድ ዓመት ለምን ይህን ያህል ያጣላል? በ2003 ዓ.ም. የወጣው፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመከላከያ አባላትንም ያካትት ነበር። የጡረታ አበል የሚገኘው ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ይዞ ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ የተጻፈለት ሰው የጎደሉትን ወራት ካላስመለሰ ዕድሜ ልኩን የሚከፈለው አበል ይቀርበታል። ሲሞትም ነገሩ ይቀጥላል፤ በአዋጅ ቁጥር 714 የተደነገገው ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ ያቀርባል። በሕክምና ቦርድ የተሰናበተ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ነው ወይስ በሌላ? ዘማቾች "በቦርድ ወጣሁ" ይላሉ፤ ቦርዱ ምን ብሎ እንዳወጣቸው ግን ብዙዎቹ ወረቀቱን አንብበውት አያውቁም። ሜዳይ መሸለም በራሱ አበል አያስገኝም፤ ነገር ግን የሜዳዩ ምስክር ወረቀት ቀንና ክፍል ስለሚጠቅስ ለጎደለው ዘመን ጥሩ ድጋፍ ነው።

ብዙ የወሎ ልጆች በሚኖሩባት አሜሪካም ይኸው ጠብ አለ፤ መልኩ ግን ሌላ ነው (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እዚያ የእግረኛ ተዋጊ ባጅ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1943 ሲወጣ ለእግረኛ ወታደር ብቻ ነበር። አብሮት በአንድ ጉድጓድ የተተኮሰበት ሾፌር ወይም መድፈኛ አያገኘውም፤ ለነሱ የውጊያ ተሳትፎ ባጅ የተፈቀደው በ2005 ነው፤ ወደ ኋላ የሚቆጠረውም እስከ መስከረም 2001 ድረስ ብቻ ስለ ሆነ የቬትናሙ ሾፌር ውጭ ቀረ። መዝገቤ ተሳስቷል ለሚል ግን በ1946 ሕግ የተቋቋመ፣ በሲቪሎች የሚመራ የመዝገብ አራሚ ቦርድ አለ፤ ማመልከቻው ስሕተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ፍትሕ ካስገደደ ቦርዱ ጊዜውን ያልፈዋል። ሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ማኅደር ጠፋ። ያን ጊዜ ማኅደርህ የለም ተብሎ ሰው አልተባረረም፤ ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሆስፒታልና ከክፍሉ የየዕለት ሪፖርት እየለቀሙ አገልግሎቱን መልሰው አቆሙት። ለወሎ ከዚህ የሚጠቅመው ባጁ ሳይሆን ይህ ለቀማ ነው። የደመወዝ መክፈያ፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የገበሬ ማኅበር ደብተር፣ የማቋቋሚያ ካርድ ለየብቻ ሲታዩ ጎዶሎ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ ሰው ይወጣቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፤ ወረቀት በየግቢው ተበትኗል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠያቂ መጥቷል፦ የመከላከያ ደመወዝ ላይ ያልነበረ የአካባቢ ሚሊሻ፣ መሣሪያውን ይዞ የወጣ ነዋሪ፣ የወደቀበት ያልታወቀ ልጅ ወላጅ። እነዚህ በሠራዊቱ ማኅደር አይገኙም፤ የሚያውቃቸው ወረዳው፣ ቀበሌውና አብሯቸው የወጣው ሰው ነው። ለጠፋው ልጅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ አለው፤ 2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወቅለት ማመልከት ይችላል። እናቶች ግን ይህን በር ይሸሻሉ፤ መርዶን በገዛ እጅ እንደ መፈረም ነው የሚቆጥሩት። በዚህ ጊዜ ነው የአባጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) እና የሽማግሌ ሥራ የሚመጣው፤ ቤተሰቡን አስቀምጠው ፍርዱ ልጁን እንደማይገድል፣ ተመልሶ ቢመጣ እንደሚፈርስ፣ የልጅ ልጆቹን ግን እንደሚያሳድግ ያስረዳሉ። ከዚያ አብሮ የዘመተ ጓደኛ ተፈልጎ ቃሉን ይሰጣል። ጓደኛውም ከደሴ ወይም ከወልድያ ርቆ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ቃሉ በሚኖርበት ፍርድ ቤት ተመዝግቦ ሊላክ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ባለጉዳይ ጥቂት ነው፣ ብዙው ለትራንስፖርት እየተበደረ ምስክር ያመላልሳል።