በሽል ገለባ ላይ የተጻፈው «ቀን 7» ምን ማለት ነው?

በገለባ (በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ታሽጎ በፈሳሽ ናይትሮጅን የተቀመጠ የላም ሽል ላይ «ቀን 7» ከተባለ፣ የተቀመጠበትን ጊዜ አይናገርም። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሽሉ ዕድገት ይቆማል፤ ዓመታት ቢያልፉም ያው የ7 ቀን ሽል ነው። ቁጥሩ የሚያገለግለው ሽሉን በማህፀኗ የምትቀበለውን ላም ለመምረጥ ነው። ሌላ ከብት ሲወጣባት ጸጥ ብላ የቆመችበት ቀን ዜሮ ይባላል፤ ሽሉ የሚገባላት በ7ኛው ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ነው።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ይህን ቀን መያዝ ከባድ ነው። ላሞች ኮርማ የመፈለግ ምልክቱን ቀን ላይ እምብዛም አያሳዩም፤ ማለዳና ማታ ካልተጠበቁ ቆጠራው ይሳሳታል።

መሳሳቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ለምንድን ነው? ሽሉ በ16ኛው ቀን አካባቢ «አለሁ» የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ለማህፀኗ መላክ አለበት። ቆጠራው ተሳስቶ መልእክቱ ካረፈደ በእንቁልጢዋ ላይ ያለው ቢጫ አካል (እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚፈጠረው እጢ) ይሟሟል፣ ከእሱ የሚመነጨው እርግዝናን የሚያጸና ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ይቋረጣል፣ ሽሉም ይጠፋል። ስለዚህ ከማቅለጥ በፊት ቢጫ አካሉ በየትኛው በኩል እንዳለ በእጅ ወይም በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ፤ ሽሉ የሚቀመጠው በዚያው በኩል ባለው የማህፀን ቀንድ ነው። ቢጫ አካል ከሌላት ገለባው ከናይትሮጅኑ አይውጣ፤ አንዴ የቀለጠ ሽል መልሶ አይቀዘቅዝም።