ጎንደር ከህፃን ጋር፦ የምንፈራው ሌላ፣ የሚያሳምመው ሌላ

የመጀመሪያ ልጃችሁን ይዛችሁ ጎንደር ልትሄዱ ነው ከተባለ ምክሩ ይጎርፋል። አክስትም፣ ጎረቤትም፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባም የሚለው አያጣም። ከፍቅር ነው፣ ይመስገኑ። ግን ብዙ ጊዜ የሚያስፈራሩን በማይጎዳው ነገር ነው፤ የሚጎዳውን ደግሞ “ምንም አይደል” ብለው ያልፉታል።

“አይሮፕላን ጆሮውን ያበላሽበታል”

ከአዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጆሮ የሚታፈነው የአየር ግፊት ሲለዋወጥ ነው፣ በተለይ አይሮፕላኑ ሲወርድ። ህፃን ሲጠባና ሲውጥ ይከፈትለታል። ስለዚህ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ መሬት እስኪነካ አትጠብቁ። ጆሮውን አሞት ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው።

“መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ ይመታዋል!”

ይቺን ከአዘዞ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ስትገቡ ጀምሮ ትሰሟታላችሁ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከኋላ አንድ ሰው ያስላል፣ መስኮቱ ድርግም ተደርጓል። ጉንፋን የሚይዘው ከዚያ ከሚያስለው ሰው እንጂ ከንፋሱ አይደለም። ትንሽ ከፈት ማድረጉ ይሻላል። ተቆጪ አይጠፋም፤ ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

ልብሱም እንደዚሁ ነው። ጎንደር ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ቀን ፀሐይዋ ትከራለች፣ ማታ ይበርዳል። ኮፍያ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ደግሞ ጋቢ ተደርቦለት እኩለ ቀን ላይ የሚዞር ህፃን ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው የሚጎዳው። እጅና እግሩ ቀዘቀዘ ብላችሁ አትደርቡበት። በእጃችሁ ማጅራቱን ዳስሱት፤ ላብ ካለ አንድ ልብስ አውልቁለት።

“በዚህ ፀሐይ ውሃ ጠምቶታል”

ስድስት ወር ካልሞላው አልጠማውም። የእናት ጡት ውሃም ምግብም ነው፤ ቶሎ ቶሎ አጥቡት፣ በቃ። እንግዳ ቦታ ላይ የሚሰጠው ውሃ ነው ይልቅ የሚያሰጋው።

“ጥርስ ሊያበቅል ነው”

ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ያስቀምጠዋል። አንዷ እናት ድዱን ነካ ታደርግና “አይዞሽ፣ ጥርስ ነው” ትላለች። ሁሉም ይረጋጋል። ጥርስ ግን ምራቅ ያዝረበርባል፣ ያነጫንጫል እንጂ ተቅማጥ አያመጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥርስ በሚወጣበት ዕድሜ ልጁ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጉዞ ላይ ደግሞ የሆቴሉን ምንጣፍ፣ የባጃጁን ወንበር፣ በደንብ ያልታጠበ ጡጦ ያገኛል።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ኦአርኤስ (በተቅማጥ የሚወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) እና ዚንክ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ። ኦአርኤሱን ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ ንጹህ ውሃ በጥብጡት፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ጡቱን አታቋርጡበት። የዚንኩን መጠን ባለሙያው ይንገራችሁ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሽንት ካልሸና፣ ደም ከታየበት ወይም መጥባት ካቃተው ጊዜ አታጥፉ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው።

“ጋሪ ካለ አይከብድም”

አትልፉ። የፋሲል ግቢ ድንጋይና ደረጃ ጎማውን ይይዘዋል፣ የከተማው መንገድም ዳገት ነው። አንቀልባ ሁሉንም ይችላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡም ጫማ አውልቃችሁ፣ እጃችሁ ነጻ ሆኖ ትቆማላችሁ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ህፃናት ደግሞ ፊት ማየት ይወዳሉ።

“ጎንደር በጥምቀት ካልሆነ ምን ያደርጋል?”

ለእናንተ እውነት ሊሆን ይችላል። የፋሲል መዋኛ በውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ በሌላ ጊዜ የምታዩት ደረቅ ገንዳ ነው። ግን ጥር 11 የህዝቡ ብዛት፣ ግፊያው፣ ሌሊት መነሳቱ ለጨቅላ አይሆንም። የአልጋ ዋጋውም አይቀመስም። እኔን ብትጠይቁኝ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምትና ህዳር ላይ ሂዱ። ቆይታችሁ ከተማው ውስጥ ብቻ ካልሆነና ወደ ደንቢያ ሜዳ ከወረዳችሁ ግን ያ ወቅት የወባ ነውና አጎበር አይቅር።

“እዚያ ድረስ ሄዶ ሰሜን ተራሮችን ሳያዩ መመለስ?”

አዎ፣ ሳያዩ መመለስ። የተራሮቹ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ፓርኩ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከፍታ ትልቁንም ሰው ራሱን ያዞረዋል። ትልቁ “ራሴን አመመኝ” ይላል፤ ህፃኑ ዝም ብሎ ያለቅሳል፣ እናንተም ርቦት ይመስላችኋል። ትንሽ አድጎ አፉን ሲፈታ ብትወስዱት ይሻላል። ያኔም የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ውጡ።