ስለ አሮጌ የቮልስ ሞተር የሚወራውና እውነታው

«ሞተሩ ነክሷል፤ በቃ ለቆራሌው ሽጠው።» ይህን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። ቮልሱ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት የኖረች ሰው ጋራዥ ይመጣና «አይዞርም አሉኝ» ይላል። ማን አለህ? ጎረቤት፣ የአጎት ልጅ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው። የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ በቁልፍ ያዞራት ግን የለም።

የማወራው ስለ ጥንቷ ቮልስ ነው። አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ፤ ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየር ይቀዘቅዛል። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መለዋወጫዋ ግን ዛሬም ይመረታል። ስለዚህ አንዱን ሞተር ቆርጦ ለብረት ከመሸጥ በፊት ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል።

«የማይዞር ሞተር የሞተ ሞተር ነው»

አይደለም! በሥራ ላይ ሳለ ዘይት ጨርሶ ወይም ግሎ የነከሰ ሞተር አለ። ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ የብረት ልባስ) ተልጦ ከክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጋር ተጣብቋል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ቧጥጦታል። ያ ከባድ ጉዳት ነው። ደኅና ሲሠራ ቆይቶ ከቆመ በኋላ የተያዘ ሞተር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሞተር ሲቆም የአንዳንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ክፍት ሆኖ ይቀራል። በዚያ በኩል እርጥብ አየር ይገባል። ሲሊንደሩ የብረት ስለሆነ ግድግዳው ይዝጋል፤ የፒስተን ቀለበቶቹም እዚያው ይጣበቃሉ። ከታች ያለው ክራንክ ሻፍት ግን ዘይት እንደቀባው ብዙ ጊዜ ደኅና ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው። መኪናዋ ግቢ ስትገባ በራሷ ተነድታ ነው ወይስ ተጎትታ? በራሷ ከገባች ተስፋ አለ።

ሁለተኛ፣ የተያዘው ሞተሩ ራሱ ላይሆን ይችላል። የሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) ጥርስ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጥርሳም ክብ) ላይ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ማርሽ ገብቶ ቆሞ፣ ፍሬኑ ደግሞ ጎማውን ይዞት ሊሆን ይችላል። አንዲት እናት የባለቤታቸውን መኪና ሊሸጡ ሲሉ ሞተሩ ነክሷል ተብለው ዋጋው ወደ ታች ወርዶባቸው ነበር። ሞተሪኖውን ፈትተን ስናወጣው ሞተሩ በእጅ ዞረ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳይ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ማጣራቱ ሁለት ቡሎን መፍታት ብቻ ነው።

እውነት ፒስተን ከተጣበቀ መንገዱ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ አውርዱት። ካንዴላዎቹን ፍቱ። ቫልቮቹን የሚገፉትን ሮከሮች ከነዘንጋቸው አንሱ፤ የተጣበቀ ቫልቭ ካለ ሮከሩን የሚገፋውን ቀጭን ዘንግ (ፑሽሮድ) እንዳያጣምም። ከዚያ ሞተሩን በጎኑ አቁሙት። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሮቹ የተኙ ስለሆኑ ሞተሩ እንደተቀመጠ በካንዴላ ቀዳዳ የምታፈሱት ዘይት የታችኛውን ግድግዳ ብቻ ያርሳል። ላይኛው ደረቅ ይቀራል። አንዱን ጎን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ስትሞሉት ግን ፒስተኑን ዙሪያውን ያገኘዋል። እኔ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል እቀላቅላለሁ። አሴቶን እሳት ይስባል፤ ደጅ ላይ ይሁን፣ ሲጋራም አይቅረብ። ሲጎድል መሙላት፣ መጠበቅ፣ እንደገና መሙላት ነው። ከዚያ ሌላውን ጎን ማዞር።

ለማዞር 30 ቁልፍ በፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ቡሎን ላይ። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አትሰኩ። እምቢ ካለ ተመልሳችሁ ዘይት ሙሉ።

«ገፍተህ አስነሳው» የሚሉት ናቸው ብዙ ሞተር የጨረሱት። አንድ ደንበኛዬ ወንድሙ በፒክአፕ ጎትቶለት ነበር፤ በሦስተኛ ማርሽ፣ አስፋልት ላይ። ስንፈታው አንዱ ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ጎብጧል፣ የፒስተኑም ቀለበት ተሰባብሯል። ቁጭ ብሎ ዘይት ቢጠጣ ይለቅ የነበረ ሞተር ነው።

ምንም ቢደረግ ባይለቅ እንኳ ጉዳዩ አላለቀም። በቮልስ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲነሳ ከክራንክ ኬዙ (ክራንክ ሻፍቱን ከያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ተስቦ ይወጣል። የዛገው ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። ስትገዙ ግን የሞተሩን መጠን እወቁ። 1200 እና 1300 የሚወስዱት 77 ሚሊሜትር ፒስተን ነው፤ የ1500ው 83፣ የ1600ው ደግሞ 85.5 ነው።

«ቮልስ ቀላል ነው፤ በካቻቢቴ ፈልቅቀህ ክፈተው»

ክራንክ ኬዙ ሁለት ግማሽ ነው። በመካከላቸው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የለም፤ ብረት ለብረት ነው የሚገጥሙት። ካቻቢቴ ከትታችሁ ስትፈለቅቁ የሚቀረው ጭረት ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዕድሜ ልኩን። ካልተከፈተ ያልተፈታ ዳዶ አለ ማለት ነው። ፈልጉት። የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ማዞሪያ ቀድማችሁ አውጡ፣ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶችም አትጣሉ። ከዚያ በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል።

«ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው ማጋጠም ይቻላል»

አይቻልም። ሁለቱ ግማሾች ተጋጥመው ነው በአንድነት የተቦረቦሩት። ሶማሌ ተራ አንድ ግማሽ ለብቻው ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ።

«ጠበቅ ባደረግከው ቁጥር ይሻላል»

የክራንክ ኬዙ ጥርስ ማግኒዥየም ነው፤ ለስላሳ ነው። የ1600 ቴስታታ 10 ሚሊሜትር ስታድ (ክራንክ ኬዙ ላይ የተተከለ ረጅም ቡሎን) ላይ ያለው ዳዶ የሚፈልገው 31 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 8 ሚሊሜትሩ 25። የቮላኖው ትልቅ ዳዶ ግን 300 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ክንድ አይለካውም፤ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተበደሩ። ስታዱ ጥርሱን ይዞ ከወጣ ቶርኖ ቤት ሄዶ የብረት ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ ክራንክ ኬዙ አይጣልም።

«ቆርቆሮዎቹ ትርፍ ናቸው»

በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያሉት ቆርቆሮዎች አየሩን ወደሚፈለግበት ይመራሉ። ያለ እነሱ ማራገቢያው የሚነፋው አየር ዝም ብሎ ይበተናል፤ ሞተሩም ይግላል። ስትፈቱ ሁሉንም አስቀምጡ፣ ትንንሾቹንም ጭምር። ውስጣቸውን እዩ፤ ቆማ የኖረች መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ጎጆው የአየሩን መንገድ ይዘጋል።

«ሦስተኛው ፒስተን የሚቃጠለው በዕድል ነው»

በዕድል አይደለም። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ይቆማል። ሲሊንደሩ የሚያገኘው የሞቀ አየር ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከዚያ ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠራለት። ድሮውን ስትፈቱ መጀመሪያ ሦስተኛውን መርምሩ።

«ዝገቱን ኮካ ኮላ ያወጣዋል»

አሲድ አለው፤ ማግኒዥየሙንም ይበላል። ስኳሩ ደግሞ ይጣበቃል።

«ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፈው»

ፒስተኑና ቴስታታው አሉሚኒየም ናቸው፤ ሶዳው ይበላቸዋል። ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይበቃል።

«ክራንክ ኬዙን በእሳት ቆርጠህ ሽጠው»

ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ማግኒዥየም ሲቀጣጠል ዓይን በሚያጠፋ ነጭ ብርሃን ይነድዳል። ውሃ ሲደፋበት ይብስበታል፣ ይፈነዳል። በድንጋይ ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝም በቀላሉ ይያያዛል። ማግኒዥየም የሚሠራበት ቦታ አጠገብ ደረቅ አሸዋ በባልዲ ይቀመጥ፤ እሳት ከተነሳ የሚደፋው እሱ ነው።