ድሪፐር ምንድን ነው? ኦም የለውም እኮ!

ሰሞኑን አንድ ልጅ ከፖድ፣ ማለትም ከትንሿ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ)፣ ጁሱ በእጅ ወደሚንጠባጠብበት ድሪፐር መቀየር ፈልጎ ምክር ጠየቀ፣ የመጀመሪያው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ «0.15 ኦም ድሪፐር ግዛ፣ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል»። ከስሩ ደግሞ ልክ ነህ ልክ ነህ የሚሉ ሰዎች ተደርድረዋል። ይሄ ምክር በየቦታው ይዞራል፣ አሁን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም በዚች አንድ መስመር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ አንዱ ብር ያስወጣል ሌላኛው እጅና ፊት ያቃጥላል።

የመጀመሪያው፣ ድሪፐር ኦም የለውም። ኦም ማለት ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት ነው። ድሪፐር፣ አርዲኤም በሉት፣ ታንክ (የጁስ ማጠራቀሚያ) የሌለው አቶማይዘር ነው፣ ጁሱን የሚያተነው ክፍል ማለት ነው። ዴክ የሚባል የብረት ወለል አለው፣ ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ አለው፣ ከላይ ካፕ፣ በጎን የአየር ቀዳዳ፣ ከስር ሞዱ (ባትሪው ያለበት አካል) ላይ የሚጠመዘዘው 510 የሚባለው ጥርስ። ኮይሉን፣ የሚግለውን ሽቦ፣ የምትጠቀልሉት እናንተ ናችሁ፣ ጥጡን የምታስገቡት እናንተ፣ ጁሱንም (የሚተነውን ፈሳሽ) በየአምስት ስድስት መሳቡ ጠብ ጠብ የምታደርጉት እናንተ። ኦም ያለው ሽቦው ነው። 26 ጌጅ (ውፍረቱ ነው) ካንታል የሚባለውን ሽቦ በ3 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ዙር ብትጠቀልሉ 0.8 ኦም አካባቢ ይወጣል፣ እንደሱ ያለ ሌላ አንድ ጨምራችሁ ሁለት ብታስሩ ግማሹ፣ 0.4 ይሆናል፣ ያው ድሪፐር ላይ። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ «ይሄ ስንት ኦም ነው?» ብላችሁ ሻጩ ቁጥር ከነገራችሁ ወይ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣው ኮይል ነው የሚያወራው ወይ ነገሩን አያውቀውም።

ኩራዝ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ኩራዝ ሆዱ ውስጥ ላምባ አለ፣ ክሩ ላምባውን በአንገቱ በኩል ወደ ላይ ይስባል። ታንክ ማለት ሆድ ያለው ኩራዝ ነው፣ ድሪፐር ደግሞ ሆዱ ተወስዶ ላምባውን ክሩ ላይ በእጃችሁ የምታንጠባጥቡበት ነው። ኩራዝ ገዝቶ ለመጣ ሰው «ነበልባሉ ስንት ነው?» የሚለው የለም፣ ነበልባሉ ክሩን ምን ያህል ስባችሁ እንዳወጣችሁት ነው የሚወሰነው እንጂ በቆርቆሮው አይደለም፣ የድሪፐርና የኦም ነገርም ልክ እንደዚሁ ነው። ክሩ አንገቱ ውስጥ ከጠበቀ ላምባው ወደ ላይ አይወጣም፣ ኮይሉ ውስጥ ጥጥ ከጠቀጠቃችሁም ጁሱ አይደርስም፣ ጥጡ በጣም ከሳሳ ደግሞ ጁስ ስለማይይዝ ወደ አፋችሁ ይረጫል። ላምባው ሲያልቅ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል፣ ያ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ይመጣል፣ ድራይ ሂት የምንለው እሱ ነው። እዚህ ላይ ግን ኩራዙና ድሪፐሩ ይለያያሉ፣ ኩራዝ እንዲነድ ነው የተሰራው፣ ድሪፐር ላይ ምንም ነገር መንደድ የለበትም፣ ጁሱ መትነን ብቻ ነው ያለበት። ጁስ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድ የመሳሰሉ መርዛማ ነገሮች ያመነጫል፣ ስለዚህ የተቃጠለ ጣዕም ከመጣ ጁስ ጨምሮ መቀጠል የለም፣ ጥጡን አውጥታችሁ ጣሉት።

አሁን ወደ ባሰው ስህተት። «ኦሙ ባነሰ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል።» የት ላይ ነው የሚጨምረው? መካሪው ይሄን አልጠየቀም፣ መልሱ ግን ሁሉንም ነገር ይቀይረዋል።

ሜካኒካል ሞድ ላይ ከሆነ እውነት ነው። ሜካኒካል ማለት ቱቦ፣ ባትሪና መጫኛ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ የሚቆጣጠር ቦርድ የለም። ሙሉ ቻርጅ የተደረገ 18650 ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፣ ለ0.5 ኦም አካፍሉት፣ 8.4 አምፒር፣ 35 ዋት ገደማ። ለ0.15 አካፍሉት፣ 28 አምፒር፣ 117 ዋት። እንደ ሳምሰንግ 25አር እና ኤልጂ ኤችጂ2 ያሉት የታወቁት ባትሪዎች ያለማቋረጥ መስጠት የሚችሉት 20 አምፒር ነው። ያ «0.15 ግዛ» ያለው ሰውዬ ጠያቂው ምን ሞድ እንዳለው ሳይጠይቅ፣ ባትሪውን ከአቅሙ ስምንት አምፒር በላይ ሊያሰራው ነው። በፈረንጅ 2018 ፍሎሪዳ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ፣ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል፣ የፍሎሪዳው መቆጣጠሪያ ቦርድ የሌለው ዓይነት ነበር። የሚፈነዳው ባትሪው ነው፣ ድሪፐሩ አይደለም፣ ግን «ድሪፐር ፈነዳ» እየተባለ ይወራል።

ስክሪን ያለው ሬጉሌትድ ሞድ ላይ ግን ያ አባባል ውሸት ነው። 40 ዋት ላይ ካደረጋችሁት ኮይሉ 0.15ም ሆነ 0.6 የሚያገኘው 40 ዋት ነው፣ ቦርዱ ቮልቱን ራሱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያስተካክለዋል። የባትሪው ጫና የሚሰላውም ከዋቱ ነው፣ ዋቱን ለባትሪው ቮልት ታካፍሉና ቦርዱ የሚያባክነውን አስር በመቶ ያህል ትጨምራላችሁ። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ባትሪው እያለቀ ሲሄድ ጫናው የሚብስበት መሆኑን ነው፣ ቮልቱ ስለወረደ ያንኑ ዋት ለመስጠት ብዙ አምፒር ይስባል፣ 60 ዋት ባትሪው 3.2 ቮልት ላይ ሲደርስ 21 አምፒር አካባቢ ነው። አንድ 18650 ብቻ የሚይዝ ሞድ ላይ ከ60 ዋት በላይ አትውጡ የምለው ለዚህ ነው፣ ለጀማሪ ደግሞ 35 እና 40 ይበቃል።

ስራዬ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ስለሆነ ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም። ባትሪ ላይ የተጻፈውን 35 አምፒር 40 አምፒር የሚል ነገር አትመኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሰከንዶች ብቻ የሚሰጠውን ቁጥር ነው የሚጽፉት፣ ወይ የሌላ ፋብሪካ ባትሪ በራሳቸው ላስቲክ ሸፍነው ነው የሚሸጡት። ላስቲኩ ትንሽ እንኳ ከተቀደደ አልብሱት ወይ አስወግዱት፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ በፍጹም አትክተቱት። ሁለተኛው፣ ሞዱ የሚያሳየው የኦም ቁጥር ራሱ ስህተት አለው፣ ሞዱ በ0.02 ቢሳሳት 0.6 ላይ ምንም ማለት አይደለም፣ 0.1 ላይ ግን ሃያ በመቶ ነው፣ ስለዚህ በጣም ዝቅተኛ ኦም የሚሰራ ሰው በምን ቁጥር እያሰላ እንደሆነ በትክክል አያውቅም።

እና ጀማሪ ምን ይምረጥ? አንድ ኮይል ብቻ የሚይዝ ዴክ። ሁለት ኮይል ስታስሩ ሁለቱ እኩል መጋል አለባቸው፣ አንዱ ቀድሞ ከጋለ ለማስተካከል ትደክማላችሁ፣ ጥጥም ጁስም ባትሪም እጥፍ ይበላል። ብዙ ሰው ድሮፕ ወይም ዴድ ራቢት የሚባሉትን ድሪፐሮች ይመክራል፣ ጥሩ ናቸው፣ ግን 24 ሚሊሜትርና ለሁለት ኮይል የተሰሩ ናቸው፣ ለመጀመሪያ እንደ ዋስፕ ናኖ ወይም ድሮፕ ሶሎ ያለ 22 ሚሊሜትር ባለ አንድ ኮይል ይሻላል። ጠባብ ስለሆነ ጣዕሙ ይሰበሰባል፣ በትንሽ ዋትም ይሰራል። ዴኩ ጁስ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ጠለቅ ያለ ይሁን። አየሩ ከስር የሚገባ ከሆነ ጣዕሙ ደስ ይላል ግን ጁስ ካበዛችሁ ሞዱ ላይ ይወርዳል፣ እስክትለምዱ ድረስ በጎን ከፍ ብሎ የሚገባው ይሻላል። መለዋወጫ ብሎን አብሮ መምጣቱን እዩ፣ መጀመሪያ የሚበላሸው የብሎኑ ራስ ነው። 510 ጥርሱ መሃል ያለው ፒን ትንሽ ወጣ ብሎ ይታይ፣ ጎበጥ ያለ መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱት፣ ሃይብሪድ በሚባሉት፣ ፒኑ ባትሪውን በቀጥታ በሚነካባቸው ሜካኒካል ሞዶች ላይ ፒኑ ካልወጣ ጥርሱ ባትሪውን ይነካና ወዲያው ሾርት ያደርጋል። ጀማሪ ሜካኒካል ጭራሽ ባይነካ ነው የምለው፣ ግን ነገ ሰው ቢሰጣችሁ እንድታውቁት።

ታክሲ ወይም ትራክ የምትነዱ ደግሞ ድሪፐር አይሆናችሁም። መሪ ይዞ ካፕ ከፍቶ ማንጠባጠብ አደጋ ነው፣ ታንክ ያለው አርቲኤ ያዙ፣ ወይ ሞዱ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ በጣት ጫን በማድረግ ጁሱን ከስር የሚያጠጣውን ስኮንክ።

አገር ቤት ላላችሁ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትም ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል፣ ከአሜሪካም ከዱባይም ላኩልኝ የምትሉ ይሄን እወቁ። ጭራሽ አጭሶ የማያውቅ ሰውም ይሄን አንብቦ እንዳይጀምር፣ እኔ የምጽፈው ከሲጋራ ለሚወጣ ነው።

ከፖድ ለሚመጣ ሰው የመጨረሻው ነገር ጁሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖድ ላይ የምታገኙት ሶልት ኒክ (የኒኮቲን ጨው ያለበት ጁስ) በአንድ ሚሊሊትር እስከ 50 ሚሊግራም ኒኮቲን አለው፣ አውሮፓ ውስጥ ጣሪያው 20 ነው። ያንን ጁስ ድሪፐር ላይ አታንጠባጥቡ። ፖድ በአንድ መሳብ የሚያተነው ትንሽ ነው፣ ድሪፐር በ40 ዋት የሚያተነው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ሁለት ሶስት ጊዜ ስባችሁ ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስም ይመጣል። 3 ሚሊግራም ግዙ፣ በቀን ሁለት ፓኮ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ሰው 6 ይሞክር፣ ጠርሙሱን ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት።