ተቆርጠው የሚነገሩን ጥቅሶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ የተለጠፈ ጥቅስ ሳነብ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አንዱ መስመር ብቻውን ተቆርጦ ወጥቶ፣ በመድረክም በቲክቶክም የምኞታችን ማስፈጸሚያ ሲሆን ነው። እኔም ለዓመታት እንዲህ ሲሰበክ አሜን ብያለሁ። ስለዚህ ደጋግመን የምንሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኤርምያስ 29፥11 ዘንድሮ ቪዛህ ይሳካል ማለት ነው።»

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቁጥር ከፍ በሉና አንብቡ፤ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤውን ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ አገራቸውን ሳያዩ እዚያው ይሞታሉ ማለት ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ጸልዩ የተባሉትም ለዚህ ነው።

ወደ ምዕራፍ 28 ስትመለሱ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ታገኛላችሁ። እሱም «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» እያለ ነው የሚናገረው። ኤርምያስ የባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ አንገቱ ላይ ያደረገውን ቀንበር ሐናንያ ሕዝብ ፊት ሰበረና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ይመለሳሉ አለ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ነገረው። በዚያው ዓመት ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢየሩሳሌም ራሷ ፈረሰች። ይህን ምዕራፍ ከ29፥11 ጋር አያይዞ የሰበከልኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

«ሁሉን እችላለሁ ማለት ያሰብኩት ሁሉ ይሳካል።» ጳውሎስ ፊልጵስዩስ 4፥13ን የጻፈው ታስሮ ነው። ከፊቱ ያለው ቁጥር መጥገብንም መራብንም እንደተማረ ይናገራል። እችላለሁ ካለው «ሁሉ» ውስጥ ረሃብም አለበት።

«ዘር ከዘራህ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል።» ይሄኛው ያንገበግበኛል። አንዲት ጎረቤቴ የሁለት ወር የቤት ኪራይዋን በፖስታ አሽጋ፣ ላዩ ላይ የልጇን ስም ጽፋ እንደ «ዘር» ሰጠች። አከራይዋ በሩን ሲያንኳኳ፣ «እምነቴ ጎድሎ ይሆናል» ብላ ራሷን ወቀሰች። ቁጭ ብለን 2ኛ ቆሮንቶስ 8ን እና 9ን አነበብን። በበረከት የሚዘራ በበረከት ያጭዳል ይላል፤ እውነት ነው። ግን ያ ገንዘብ ለማን ነበር የሚሰበሰበው? ኢየሩሳሌም ውስጥ ለተቸገሩ ምእመናን። ጳውሎስ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ ሌሎች ወንድሞችም ለዚሁ ሥራ አብረው እንዲሄዱ አድርጓል። በዚያ መዋጮ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ ተቀባይ ነበረች። መስጠትን እየነቀፍኩ አይደለም፤ እሷም ዛሬ አሥራቷን ትሰጣለች። ያ ኪራይ ግን አልተመለሰላትም።

«አሜን ብለህ ለ10 ሰው ካልላክህ በረከቱ ያልፍሃል።» መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም። ማስፈራሪያ ነው፤ አጥፉት።

«መከራ ከደረሰብህ እምነትህ ትንሽ ነው።» ይህን የሚሰብክ ሰው የገዛ አገሩን ታሪክ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ጊዜ ተደጋግመው ታስረዋል። ወደ ታንዛኒያ የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋቸውን ጥለው መሄድ አልፈለጉም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ገደማ ታስረዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ባላቸው የት እንደተቀበሩ አያውቁም ነበር። ከእስር ሲወጡም ያንኑ ጌታ እያመለኩ ነበር።