ጤና ኤክስቴንሽኗና የልማት ቡድን መሪዋ አንድ አይደሉም

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ጤና ኤክስቴንሽኗ ደሞዝ አላት ወይስ በነፃ ነው የምትሠራው?» አላት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም ሠልጥና የተቀጠረች የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ደሞዝ የሌላት የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ ናት፤ ከራሷ ሥራ ላይ ጊዜ ቆርሳ ጎረቤቶቿን የምትመክረዋ እናት።

ለምሳሌ ተሁለደሬ ገጠር ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር አለች እንበል። የቡድን መሪዋ ቡና ላይ ሰምታ ለጤና ኬላው ትናገራለች፣ ኤክስቴንሽኗ ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄዳ ታያታለች፣ ትመዘግባታለች፣ ወደ ጤና ጣቢያም ትልካታለች።

በአንድ ቀበሌ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቁጥር ይለያያል፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር መነሻው ሁለት ነበር።

ስትሟገቱላቸው ለይታችሁ ጠይቁ። ለኤክስቴንሽኗ ደሞዟ በወቅቱ ይግባ፣ የኬላዋ መድኃኒት ይሟላ በሉ። ለቡድን መሪዋ ቢያንስ ለሥልጠና ስትጠራ የመኪናና የምሳ ይሸፈንላት።