የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፓምፕ እንዴት ይነደፋል፣ ከጎንደር መንገዶች አንፃር

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር የለም፣ ማርሽ የሚያስገባ እጅም የለም፣ ያን ሁሉ የሚሰራው ዘይት ነው፣ ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ የሃይድሮሊክ ፓምፑ። ፓምፑ ከታች የተጠራቀመውን ዘይት በፊልትሮ በኩል ይስብና የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው ወደሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር፣ ማርሽ ወደሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች፣ ወደ ማቀዝቀዣውና ኩሽኔታዎቹን ወደሚያለሰልሰው መስመር ይልከዋል። አሁን ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከዛም እስከ አዘዞ ቪትዝና ያሪስ በየቦታው ስለሆነ ይሄ ክፍል የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆኗል፣ ግን ስሙን የሚያነሳው የለም፣ ካምቢዮው ሲያንሸራትት ሁሉም "ካምቢዮው ሄደ" ነው የሚለው፣ የሄደው ግን ብዙ ጊዜ ግፊቱ ነው።

በብዛት የሚሰሩት ሶስት አይነት ናቸው። አንደኛው ትንሽ ጥርስ ትልቅ ጥርስ ውስጥ ገብቶ መሃላቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርፅ ያለው ብረት የተቀመጠበት የጥርስ ፓምፕ ነው፣ ሁለተኛው ጄሮተር የሚባለው፣ እሱም እንደዛው ሆኖ ግማሽ ጨረቃው የሌለበት፣ ሶስተኛው ቬን ፓምፕ ነው፣ እየዞረ ያለ ክብ ብረት ላይ ቀጫጭን ምላሶች ገባ ወጣ እያሉ ዘይቱን ይጠርጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርካሽና ጠንካራ ናቸው፣ ችግራቸው በአንድ ዙር የሚገፉት መጠን አይቀየርም።

የዲዛይኑ ዋና ራስ ምታት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ዲዛይን የሚያደርገው ሰው መጠኑን የሚወስነው በጣም ለከፋው ሰዓት ነው፣ ማለትም ዘይቱ ግሎ ቀጥኖ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ፣ ሹፌሩ ዳገት ላይ ቆሞ ሊነሳ ሲል። ለምሳሌ በአንድ ዙር 20 ሲሲ የሚገፋ ፓምፕ እንያዝ፣ በደቂቃ 700 ሲዞር በስሌት 14 ሊትር ይገፋል፣ 6000 ሲዞር ግን 120 ሊትር። ካምቢዮው ደግሞ በ6000 የሚፈልገው ዘይት እንደዛ ተባዝቶ አይጨምርም፣ ትርፉ በግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በኩል ተመልሶ ወደ መሳቢያው ይገባል። 120 ሊትር በደቂቃ በ10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) መግፋት 2 ኪሎዋት ኃይል ይበላል፣ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ይሄ እንግዲህ በከፈላችሁበት ቤንዚን ነው።

መፍትሄው መጠኑን መቀየር የሚችል ፓምፕ ነው። በቬን ፓምፕ ላይ ምላሶቹ የሚነኩትን የውጭ ቀለበት በአንድ በኩል ሞላ ይገፋዋል፣ በሌላ በኩል የዘይቱ ግፊት። ቀለበቱ ከመሃል በራቀ ቁጥር ብዙ ዘይት ይገፋል፣ ወደ መሃል ሲመለስ ደግሞ እየዞረ ምንም አይገፋም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የጄኔራል ሞተርስ 700አር4 ካምቢዮ ይሄን አይነት ፓምፕ ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ሌላው መንገድ ፓምፑን ከሞተሩ መስመር ወደ ጎን አውጥቶ በሰንሰለት ማዞር ነው፣ ከ2009 ጀምሮ የመጣው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ 8ኤችፒ ካምቢዮ እንደዛ ነው። ከመሃል ዘንግ ሲርቅ ፓምፑ ዲያሜትሩ ያንሳል፣ ሲያንስ ፍትጊያው ያንሳል፣ የሰንሰለቱን ጥርስ ቁጥር በመቀየር ደግሞ አንዱን ፓምፕ ለትንሽ ሞተርም ለትልቅ ሞተርም ማስማማት ይቻላል። እኔ ከሁሉም በላይ ብልህ የምለው ይሄን ነው።

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት 0.78 ባር አካባቢ ነው፣ ባህር ዳርቻ ላይ ግን 1 ባር ነው። ይሄ ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ፓምፕ ዘይት "ይስባል" እንላለን እንጂ በትክክል የሚሆነው ፓምፑ ክፍተት ይፈጥራል፣ የአየሩ ግፊት ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ዘይቱን የሚገፋው ጉልበት ከአምስት እጅ አንድ ያህል ጎድሏል፣ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ፊልትሮው ትንሽ ቢደፈን፣ ወይ የጠዋቱ ብርድ ዘይቱን ቢያወፍረው፣ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠርና አረፋው ግፊት ያለበት ቦታ ሲደርስ እየፈነዳ ብረቱን ይበላዋል፣ ድምፁም እንደ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መሳቢያው ሰፊና አጭር፣ ፊልትሮውም ትልቅ የሆነ ፓምፕ ለኛ አገር የግድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ብዙ ብር የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከደጋው ወርዳችሁ ቆላው ውስጥ ስትገቡ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ የካምቢዮ ዘይት ከ40 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲግል ውፍረቱ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አዘዞ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የተፈታ የጥርስ ፓምፕ አይቻለሁ፣ መካኒኩ ቀጥ ያለ ብረት በፓምፑ ቤት፣ ማለትም ጥርሶቹ በሚቀመጡበት አካል ላይ አጋድሞ በቀጭን የብረት ምላስ በጥርሱና በብረቱ መሃል ያለውን ክፍተት ሲለካ 0.1 ሚሊሜትሩ ያለምንም ችግር ሾልኮ ገባ። ደህና ፓምፕ ላይ ከ0.02 እስከ 0.05 አካባቢ ነው መሆን ያለበት። አልሙኒየሙ ክዳን ላይ ክብ ክብ ጭረት ነበረው፣ ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዘኝ። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ጠባብ ክፍተት የሚያመልጠው ዘይት በክፍተቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያመልጠው ስምንት እጥፍ ነው። ለዛ ነው ያ ፓምፕ የወጣበት መኪና ጠዋት ደህና ሆኖ ቆላ ገብቶ ዘይቱ ሲቀጥን ማንሸራተት የጀመረው። በዛ ላይ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የአልሙኒየም ቤት ውስጥ ያለ የብረት ጥርስ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ክፍተቱ በራሱ ይሰፋበታል። ካስት አይረን ቤት ይሄ የለበትም ግን ይከብዳል።

ወጪን በተመለከተ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከማምረቻው ነው። የፓምፕ ጥርስ ከድፍን ብረት በማሽን ከመቅረፅ ይልቅ የብረት ዱቄት በቅርፅ ውስጥ ተጨምቆ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይጠናከራል፣ ጥርሱ ተሰርቶ ነው የሚወጣው፣ ከዛ ፊቱን መሞረድ ብቻ ይቀራል። ሌላው ዘዴ በአንድ የጥርስ ቅርፅ ውፍረቱን ብቻ እየቀያየሩ ማምረት ነው፣ ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የነበረውን 15 ብታደርጉት የሚገፋው ዘይት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፣ በአንድ ቅርፅ የፓምፕ ቤተሰብ ሙሉ ይወጣል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ርካሽ ማለት ፋብሪካ ላይ የረከሰ ብቻ አይደለም። ጭረት ያለበትን የብረት ክዳን ጎበዝ ቶርኖ ቤት ፊቱን ሊያስተካክለው ይችላል፣ ጥርሱና ቤቱ አብረው የታሸጉበትን ግን ሙሉውን ከመቀየር ውጪ ምርጫ የለም። ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ፓራኦሊዮና ቡሹ ለብቻ የሚቀየር ፓምፕ ለጎንደር ባለመኪና ብዙ ይጠቅመዋል።

ሲቪቲ፣ ማለትም በማርሽ ፋንታ በቀበቶና በፑሊ የሚሰራው ካምቢዮ፣ ለብቻው መነሳት አለበት። ቀበቶው እንዳይንሸራተት ጨምቆ የሚይዘው ይሄው ዘይት ስለሆነ ግፊቱ 40 ባርና ከዛ በላይ ይደርሳል፣ ተራ አውቶማቲክ ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ባር ይበቃዋል። እዚህ ላይ ፓምፑ ትንሽ ቢያልቅ ቀበቶውና ፑሊው አብረው ይበላሻሉ።

ድሮ የነበሩ አውቶማቲኮች ከፊት ካለው ፓምፕ ሌላ ከኋላ በጎማው የሚዞር ሁለተኛ ፓምፕ ነበራቸው፣ መኪናውን ገፍቶ ማስነሳት የሚቻለው በሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ አምራቾች ወጪ ለመቀነስ አወጡት። የዛሬ አውቶማቲክ ሞተሩ ከጠፋ ፓምፑም ቆሟል፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ባትሪ ሲሞት ሰው ተሰብስቦ ቢገፋ አይነሳም፣ የሚነዱትን ጎማዎች መሬት ላይ አድርጎ ረጅም መንገድ መጎተትም ካምቢዮውን ያለ ማለስለሻ ያደርቀዋል። ሃይብሪዶችና ሲቆሙ ሞተራቸውን የሚያጠፉ መኪናዎች ይሄን ክፍተት በኤሌክትሪክ ፓምፕ ይሞሉታል። እሱ ፍጥነቱ ከሞተሩ ጋር ስላልታሰረ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ይገፋል፣ አንዱ ፓምፕም ለብዙ አይነት ካምቢዮ ይሆናል፣ ግን የራሱ ሞተርና መቆጣጠሪያ ስላለው ዋጋው ይወደዳል፣ እስካሁንም በብዙዎቹ ላይ የሜካኒካሉ ረዳት ሆኖ ነው የሚሰራው።